የቲኬት ሰልፍና የእኔ ጥፋት



ለዚህ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ አሳብ ስለ ትጋት ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ ጉዳዮች በየዓመቱ ከእኔ የተሻሉ ተማሪዎች ጽፈውባቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ቀን ካሰብሁ በኋላ ስለ ባቡር ጣቢያ ሰልፍ ለመጻፍ ቆረጥሁ። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ሰልፍ ይቆሙበታል እንጂ ምን ይጻፍለታል?» ብሎ ሳቀብኝ። የሳቀው በእውነት ነው። ይሁን እንጂ እኔ በሰልፍ ላይ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ፤ ጥፋቱም እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ብዕሬን ያነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራውን የጀመረው በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተከፈተው ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የሰሜን ደቡብ መሥመር ሲሆን፤ በጥቅምት ወር ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የምሥራቅ ምዕራብ መሥመር ተከተለ። ሁለቱ መሥመሮች በመካከለኛው የከተማው ክፍል እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ሲጀመር የመሳፈሪያው ዋጋ እንደ መንገዱ ርዝመት 2፤ 4 እና 6 ብር ነበር። ቲኬቱም ከጣቢያው አጠገብ በቆሙ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ በመስኮት የሚሸጥ ወረቀት ነበር። ያን ጊዜ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። አባቴ ባቡሩን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ በሄዱበት እሑድ ሐዲዱን ለማየት የወጣው ሰው ብዛት የጥምቀት በዓል ይመስል እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል።

ጥፋቱን የሠራሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ቀኑ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚጀመርበት ቀን ነበር። ከቤት በጧት ብወጣም ወደ አንዱ ጣቢያ ስደርስ ሰልፉ ከቲኬት ቤቷ መስኮት ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ተዘርግቶ አገኘሁት። የጣቢያውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጣቢያው አልነበረምና። ሰዓቴን ተመለከትሁ። ከሰልፉ ጫፍ ብቆም ፈተናው እንደሚያመልጠኝ ታወቀኝ። ዐይኔን ወዲያና ወዲህ ስወረውር ከመስኮቱ አጠገብ፤ አራተኛ ወይም አምስተኛ ሆኖ የቆመ የክፍሌን ልጅ አየሁ። ሮጬ ሄጄ ብሩን አስጨበጥሁትና «ለእኔም ቁረጥልኝ» አልሁት። እርሱም እሺ አለ። የእኔን አድራጎት ያዩ ሌሎች አራት ተማሪዎች እንደ እኔው አደረጉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎችም፤ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች፤ እጃቸውን በእኛ ትከሻ ላይ አሻግረው ገንዘባቸውን ሰጡት።

ከጓደኛዬ በስተኋላ ተራቸውን ይጠባበቁ የነበሩት አንዲት አሮጊት እናት ናቸው። አንድ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ በጋቢ ጠቅልለው አዝለዋል። ልጁ እንደ ታመመ ከአተነፋፈሱ ያስታውቅ ነበር። «ልጆቼ፤ እኔም እኮ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለብኝ» አሉ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ማንም አልመለሰላቸውም፤ እኔም አልመለስሁላቸውም። ጓደኛዬ ስምንት ቲኬት ቆርጦ ከመስኮቱ ዞር ከማለቱ ባቡሩ መጣ። ተሯሩጠን ገባን። በሩ ሲዘጋ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመለከትሁ። ቲኬት ሻጭዋ ዝርዝር ብር ስትፈልግ እሳቸው የልጁን እግር በአንድ እጃቸው ደግፈው፤ ሌላውን እጃቸውን ለመልሱ ዘርግተው ወደ ባቡሩ ይመለከታሉ። ባቡሩ ሄደ።

እኔ ፈተናው ላይ ደረስሁ። የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ከ100 ውስጥ 91 አገኘሁ። አባቴ ደስ ብሏቸው አዲስ ጫማ ገዙልኝ። ያን ጫማ ባደረግሁ ቁጥር የተዘረጋው እጃቸው ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ጫማው እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ሆነ።

ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ለማንም ሳልናገር ከቆየሁ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ለሒሳብ መምህራችን ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ወይም ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። «ይቅርታ የምትጠይቃቸውን ሴትዮ አሁን አታገኛቸውም። ይልቅስ ሂድና ያ ሰልፍ ለምን ያን ያህል እንደ ረዘመ አጥንተህ አምጣልኝ» አሉኝ። «ሰው ብዙ ስለ ሆነ ነዋ» ብዬ ብመልስላቸው «ብዙ የሚባል ቁጥር በሒሳብ የለም» አሉና ሄዱ።

ስለዚህ ቲኬቱን ከቆረጠልኝ ከዚያው ልጅ ጋር ሆነን ሰዓትና ደብተር ይዘን ወደ ጣቢያው ወጣን። ሁለት ቅዳሜና አንድ የበዓል ማግሥት ጧት ከመስኮቱ ፈንጠር ብለን ቆምን። ቲኬት ሻጭዋ መጀመሪያ ሰላዮች መስለናት ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ስንነግራት ሳቀች፤ ወንበር እንኳ አውጥታ ሰጠችን።

አንድ መንገደኛ በመስኮቱ ፊት የሚያደርገው ነገር ለዐይን ቀላል ነው፤ ሲቆጥሩት ግን ቀላል አይደለም። የሚሄድበትን ይናገራል፤ ሻጭዋ ርቀቱን አስባ ዋጋውን ትነግረዋለች፤ እርሱ ከኪሱ ገንዘብ ያወጣል፤ እርሷ መልሱን ትቆጥራለች፤ ቲኬቱን ቀዳ ትሰጠዋለች፤ እርሱም መልሱን እዚያው ቆሞ ደግሞ ይቆጥራል። ልክ የሆነ ገንዘብ በእጁ ይዞ የመጣ ሰው አምስት ወይም ስድስት ሰኮንድ ቢወስድበት ነው። መቶ ብር ዘርግቶ የመጣ ግን ሃያም ሠላሳም ሰኮንድ ያቆያል። አንዳንድ ጊዜማ ሻጭዋ አንገቷን አውጥታ «ዝርዝር ያለው አለ?» እያለች የሰልፉን ሰው ትለምናለች። ያን ጊዜ ሰልፉ ፈጽሞ ይቆማል። እንግዲህ ወንጀለኛው የሰው ብዛት ብቻ አለመሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው። ሰልፉን የሚያስረዝመው ቲኬቱን መቁረጡ ሳይሆን መልስ መቁጠሩ ነበር።

ወደ ቤት ተመልሰን ስሌቱን ሠራነው። አንዱ ሰው ካንዱ ጋር ሲቻቻል በአማካይ ዐሥር ሰኮንድ ይወስዳል ብንል፤ አንድ መስኮት በደቂቃ ስድስት ሰው ያስተናግዳል ማለት ነው። 240 ሰዎች ቲኬት ፈላጊዎች ቢሆኑ የመጨረሻው ሰው የሚደርሰው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ሁለተኛ መስኮት ቢከፈት 20 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን ምንም መስኮት ሳይጨመር፤ ከ240ው እኩሌታው ቲኬታቸውን በዋዜማው ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገዝተው ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ 20 ደቂቃ ይሆናል። መምህራችን ይህን መሥመር ሲያነቡ ፈገግ ብለው በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ አሰመሩበት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳልፈልገው ሌላ ስሌት በራሱ መጣ። ያን ዕለት በሰልፉ ውስጥ ሳንቆም የገባነው ሰዎች ሰባት ነበርን። ሰባት በዐሥር ሲባዛ 70 ሰኮንድ ነው። የሰባታችን ገንዘብ የተደበላለቀ ስለ ነበረ ከዚያም ሳይበልጥ አይቀርም። አሮጊቷ እናት ባቡሩ ያመለጣቸው በዚች ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በበለጠች ጊዜ ነው። የእኔ ድርሻ ዐሥር ሰኮንድ ብቻ ነበረች። ሰባታችንም በየልባችን «ዐሥር ሰኮንድ ምን ትጎዳለች?» ብለን ይሆናል።

ለመምህራችን ሪፖርቱን ሳቀርብ እሳቸው ደግሞ ስለ አንድ የዴንማርክ ሰው ነገሩኝ። አግነር ኤርላንግ ይባላል። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስልክ ለመደወል የሚጠባበቁ ሰዎችን ነገር በሒሳብ መርምሮ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ነው። የሰልፍ ሒሳብ የሚባለው ትምህርት ከእርሱ ይጀምራል ይላሉ። ከዚህ ትምህርት ያገኘሁትን አንድ ነገር ለአንባቢ ሳላካፍል ማለፍ አልፈልግም፤ በጣም ያስገረመኝ ነገር ነውና።

ሰዎች ወደ መስኮቱ የሚመጡት በተወሰነ ጊዜ ሳይሆን እንደ አጋጣሚ ነው፤ አንዳንዱም ቶሎ ይስተናገዳል፤ አንዳንዱም ይዘገያል። መስኮቱ በአማካይ በደቂቃ ስድስት ሰው ያስተናግዳል እንበል። በደቂቃ ሦስት ሰው ቢመጣ በመስኮቱ ዘንድ በአማካይ የሚገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አምስት ቢመጣ አምስት ሰው ይገኛል። አምስት ተኩል ቢመጣ ግን ዐሥራ አንድ ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚመጣው ሰው ከሦስት ወደ አምስት ተኩል፤ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ አደገ፤ ሰልፉ ግን ዐሥራ አንድ እጥፍ ሆነ። መስኮቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሰልፉ እንደ ክረምት ወንዝ ድንገት ይሞላል። በዚያው ልክ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሰው ላይ አንድ ሁለት ሰኮንድ መቀነስ ከተቻለ ሰልፉ ከታሰበው በላይ ይጐድላል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ልክ የሆነ ብር አዘጋጅቶ መምጣት የጨዋ ሰው ወግ ብቻ መስሎ አይታየኝም።

መምህራችን መጻሕፍት እንዳነብ መክረውኝ ስለ ነበረ የሌሎች አገሮችን ነገር ጥቂት ተመለከትሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር የምድር ባቡር በተጀመረበት ዘመን የጣቢያው ጸሐፊ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ቲኬቱን በእጁ ይጽፍለት ነበር። ሰልፉ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ኤድመንድሰን የሚባል፤ ቀድሞ አናጢ የነበረ የጣቢያ ጸሐፊ፤ በጠንካራ ወረቀት ላይ አስቀድሞ የታተመና ተራ ቁጥር ያለው ትንሽ ቲኬት አዘጋጀ። ቀኑን የሚመታ መሣሪያም ሠራለት። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው መጻፉን ትቶ አንሥቶ መስጠት ብቻ ሆነ። ይህ ቲኬት በብዙ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል።

በጃፓን ደግሞ በኦሳካ አጠገብ ባለው የኪታ ሴንሪ ጣቢያ በ1967 ቲኬቱን ራሱ አንብቦ የሚከፈት በር ቆመ። በ2001 በቶኪዮ ሱይካ የሚባል ካርድ፤ በ2003 በለንደን ኦይስተር የሚባል ካርድ ወጣ። ሰውየው አስቀድሞ ገንዘብ ያስገባበታል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ካርዱን ነካ አድርጎ ያልፋል። በለንደን ከ2014 ጀምሮ የባንክ ካርድም እንዲሁ የምድር ውስጥ ባቡሩን በር ይከፍታል።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት «እኛስ ይህን መሣሪያ መቼ እናገኝ ይሆን?» ብዬ ነው። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን የአናጢው ወረቀትና የጃፓኑ ካርድ የሚሠሩት አንድ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም ከመስኮቱ ፊት ይሠራ የነበረውን ሥራ ወደ ሌላ ሰዓት ወሰዱት። አናጢው ጽሕፈቱን ወደ ዋዜማው አዛወረ፤ ካርዱ መክፈሉንና መልስ መቁጠሩን አዛወረ። ቁም ነገሩ መክፈያው ሰዓት ከመሳፈሪያው ሰዓት መለየቱ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ ገና መሣሪያ ሳይገዛ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ማታ ሰው ሲቀንስ ለነገ ጧት መሸጥ ይቻላል። የመመለሻውን ቲኬት ከመሄጃው ጋር አንድ ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ እንዲያ ሲሆን ማታ የሚቆመው ሰልፍ ይጠፋል። ለተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው በኩል የወሩን ቲኬት በጥራዝ መሸጥ ይቻላል። ሁለት መስኮት ባለበት ቦታ አንዱን ልክ የሆነ ብር ለያዘ ሰው ብቻ ማድረግም ይቻላል። ጓደኛዬ ይህን የመጨረሻውን «ድኻ ነው ሁልጊዜ ዝርዝር የሚይዘው፤ ስለዚህ ለድኻ የሚጠቅም ሕግ ነው» ብሎ አብዝቶ ወደደው።

በጀርመን አገር ደግሞ በብዙ ከተሞች የከተማው ባቡር ጣቢያዎች በር የላቸውም። ሰው ቲኬቱን ገዝቶ ዝም ብሎ ይገባል፤ ተቆጣጣሪ አልፎ አልፎ በባቡሩ ውስጥ መጥቶ ይጠይቃል፤ ያልያዘውን ይቀጣል። ይህን ለአባቴ ባነብላቸው «በእኛ ከተማ እንዲህ ቢደረግ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ስለ ሰው ታማኝነት ክርክር መግጠም ፈልጌ ነበር። ነገር ግን 70ው ሰኮንድ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አያቴ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ከእኛ ዘንድ ሲመጡ ጣቢያውን የሚለዩት በአጠገቡ ባለው ቤተ ክርስቲያን ወይም በዛፍ ነው። መስኮቱ ዘንድ ሲደርሱም «ያ ትልቁ ዋርካ ያለበት ዘንድ» ይላሉ፤ ሻጭዋም አጣርታ እስክትረዳ ድረስ ከኋላ ያለው ሰው ያጕረመርማል። በሜክሲኮ ከተማ በ1969 የከተማው ባቡር ሲከፈት ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሥዕል ተሰጠው። ሥዕሎቹን የነደፈው ላንስ ዋይማን የሚባል ሰው ነው። እኛ በአዲስ አበባ «ሜክሲኮ» የሚባል ጣቢያ እንዳለን ሁሉ፤ እነርሱም «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አላቸው፤ ሥዕሉም የአንበሳ ራስ ነው። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው እጅግ ደስ አላቸው። «እንግዲያው እኔ እዚያ አገር ብሄድ አልጠፋም» አሉኝ። በእኛም ከተማ በየጣቢያው ስም አጠገብና በቲኬቱ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል ቢኖር አያቴን የሚመስሉ ሰዎች ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው ማሳየት ብቻ ይበቃቸው ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቲኬት ነው። የሰውን መውጫና መግቢያ በተመለከተ ረጅም ነገር አልጽፍም፤ ምክንያቱም ሁሉም በየቀኑ የሚያየው ነው። ሰው ሁሉ ደረጃው በሚደርስበት ቦታ ይከማቻል፤ የመሳፈሪያው ሁለት ጫፍ ግን ባዶ ይቀራል። በሩ ሲከፈት የሚወርደውና የሚወጣው ደረት ለደረት ይጋጠማል። በቶኪዮ ጣቢያዎች የባቡሩ በር የሚያርፍበት ቦታ በመሬቱ ላይ በቀለም ተጽፎ ሰው በሁለት በኩል ተሰልፎ መካከሉን ለሚወርደው ይለቃል። ቀለም ውድ ነገር አይመስለኝም፤ ባቡሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት እንጂ። በለንደን ደግሞ ሆልቦርን በሚባለው ጣቢያ በ2015 አንድ ነገር ሞከሩ። በዚያ አገር በሚንቀሳቀስ ደረጃ ላይ መቆም የፈለገ በቀኝ ይቆማል፤ የቸኮለ በግራ ይራመዳል። ነገር ግን ደረጃው በጣም ረጅም ስለ ሆነ የሚራመደው ጥቂት ነበርና የግራው ወገን ባዶውን ይሄድ ነበር። ሁሉም በሁለቱም ወገን እንዲቆም ሲደረግ ደረጃው በብዙ ሰው ሰዓት ከቀድሞው የበለጠ ሰው አሻገረ። የቸኮሉት ግን በጣም ተቈጡ ይባላል።

ስለዚህ ሁሉ ስናወራ ጓደኛዬ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «አንተ የምትለው ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባቡሩ ካልመጣ ቲኬት በእጅህ ይዘህ ምን ትሠራለህ?» በእውነት ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ሁለት ቀን አሰብሁበትና ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ጠባቡ ቦታ መስኮቱ ከሆነ መስኮቱን ማስፋት ይጠቅማል። ነገር ግን መስኮቱ ከሰፋ በኋላ ባቡሩ ያው ከሆነ፤ ሰልፉ አይጠፋም፤ ከመስኮቱ ፊት ተነሥቶ ወደ ሐዲዱ ዳር ይዛወራል እንጂ። በሐዲድ ዳር መገፋፋት ደግሞ በአስፋልት ዳር ከመገፋፋት የባሰ አደገኛ ነው። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መሳፈሪያው ሲሞላ የላይኛውን መግቢያ ለጊዜው ዘግተው ሰውን ውጭ የሚያቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከጻፍሁት ሪፖርት ላይ «ይህ ቢደረግ ሰልፍ ይጠፋል» የሚለውን ሰርዤ «ሰልፉ ፍትሕ ይኖረዋል፤ ያጥራልም» ብዬ አስተካከልሁት። የባቡሮቹን ቁጥር የሚመለከተው ነገር የተማሪ ሥራ አይደለም።

መምህራችን ሪፖርቱን ካዩ በኋላ በወላጆች ቀን ማታ ለሚታየው ቴያትር የመግቢያውን ሥራ ለሁለታችን ሰጡን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቴያትሩ የተጀመረው ወላጆች በር ላይ ተጨናንቀው ሳለ ከአንድ ሰዓት መዘግየት በኋላ ነበር። እኛ ቲኬቱን ከሐሙስ ጀምረን በየክፍሉ ሸጥን፤ ዋጋውም መልስ እንዳያስፈልገው ድፍን 10 ብር እንዲሆን ለመንን። ላልገዙት በር ላይ ሁለት ጠረጴዛ አቆምንና ሰልፉን በገመድ አንድ ብቻ አደረግነው፤ የፊተኛው ሰው ባዶ ወደ ሆነው ጠረጴዛ እንዲሄድ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ገመዱን ሲያዩ «እኔ በግ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቈጥተው ሊመለሱ ነበር። ልጃቸው በብዙ ልመና አስገባቸው። የሆነ ሆኖ መጋረጃው በሰዓቱ ተነሣ። እኛም ኮራን። ነገር ግን ቴያትሩ ሲያልቅ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በዚያው በገባበት ጠባብ በር ሊወጣ ሲል፤ ገመዳችንና ጠረጴዛዎቻችን እዚያው መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ስለ መግቢያው ሦስት ሳምንት ስናስብ ስለ መውጫው አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብንም። አንዲት እናት ገመዱ አሰናክሏቸው ጉልበታቸው ተላጠ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ያን ጊዜ ቢያንስ ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰው ከፊቴ ነበሩ።

ባለፈው ወር አንድ ጧት እንደገና በሰልፍ ቆሜ ነበር። በፊቴ ሦስት ሰው ብቻ ቀርቶ ሳለ ደብተሩን በክንዱ የያዘ፤ ፊቱ በላብ የወረዛ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ሮጦ መጣና ብር ወደ እኔ ዘረጋ። «ወንድም ጋሼ፤ ቁረጥልኝ፤ ፈተና አለብኝ» አለኝ። ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ ዞሬ አየሁት። «ሰው ሁሉ ፈቅዶልህ እንደ ሆነ ከእኔ ፊት ግባ፤ እኔ ግን ከዚህ ቆሜ አልቆርጥልህም» አልሁት። ልጁ እንደ ጠላቱ ተመለከተኝ። ከኋላዬ የነበሩ ሰዎች አንዱ «ተወው ይግባ፤ ልጅ ነው» አለ፤ አንዲት ሴት ግን «እኛስ ሥራ የለንም?» አለች። ክርክሩ ሳያልቅ ባቡሩ መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ። ልጁም እኔም፤ የተከራከሩልንና የተከራከሩብንም ሁሉ እዚያው ቀረን።

ልጁን ከራሴ ፊት አስቆምሁት፤ እኔም ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄድሁ። ቲኬቱን ቆርጦ ሲያልፍ አንዲት ቃል አልተናገረኝም።